ስታት1 ዲ ኤን ኤው ላይ ከተቀመጠ በኋላ፦ ኮአክቲቬተሮች በበሽታ ተከላካይ ህዋሳት ውስጥ ያላቸው ሥራ

በሐዋሳ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርታቸውን በመከታተል ላይ ያሉ አንዲት ጠያቂ፣ የቲቢ ሕሙማን ማክሮፌጆች (ባክቴሪያን ውጠው የሚገድሉ የመከላከያ ህዋሳት) ኢንተርፌሮን ጋማ ለተባለው አነቃቂ የምልክት ፕሮቲን የሚሰጡትን ምላሽ የሚመረምር የመመረቂያ ጥናት ፕሮፖዛል እያዘጋጁ ነው። ምላሹን ለመለካት ያሰቡት ስታት1 የተባለው ፕሮቲን ፎስፌት መቀበል አለመቀበሉን በማየት ነው። አማካሪያቸው ረቂቁን አንብበው ከኅዳጉ ላይ «ኮአክቲቬተሮቹስ የት ገቡ?» ብለው ጽፈውላቸዋል። ጠያቂዋም ከዚህ ተነሥተው ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። አንደኛ፣ ስታት1ን የመሰለ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር (ጂን እንዲነበብ የሚያዝ ፕሮቲን) የሚፈልገውን ጂን ራሱ ለይቶ ዲ ኤን ኤው ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ኮአክቲቬተር፣ ማለትም ረዳት ፕሮቲን፣ ለምን ያስፈልጋል? ሁለተኛ፣ ሲ ቢ ፒ እና ፒ300 የተባሉት ኮአክቲቬተሮች በሁሉም የሰውነት ህዋስ ውስጥ ካሉ፣ ማክሮፌጁ የማክሮፌጅን፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርተው ቢ ህዋስ የቢ ህዋስን ሥራ እንዲሠራ የሚያደርጉት እንዴት ነው?

የአማካሪዎ አስተያየት ተገቢ ነው፤ ፕሮፖዛሉም በዚሁ ነጥብ ላይ ቢሻሻል ጥናቱ ሊናገር የሚችለው ነገር በእጅጉ ይጨምራል። ስታት1 ፎስፌት መቀበሉ ምልክቱ ከህዋሱ ገጽ ተነሥቶ ወደ ውስጥ መግባቱን ያሳያል እንጂ ጂኑ መነበብ መጀመሩን አያሳይም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ የቲቢ ባክቴሪያ ራሱ እንደሚጠቀምበት የሚያሳይ የላቦራቶሪ ማስረጃ አለ። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን መሠረቱን ማስቀመጥ አለብኝ፤ ሁለተኛው ጥያቄዎ ያለ እሱ አይመለስምና።

በኒውክሊየስ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ እንዲሁ ተዘርግቶ የሚገኝ አይደለም። 147 ያህል የቤዝ ጥንዶች ያሉት እያንዳንዱ ቁራጭ፣ ስምንት የሂስቶን ፕሮቲኖች በተሰባሰቡበት እምብርት ላይ፣ ክር በቀሰም ላይ እንደሚጠቀለል፣ ከአንድ ዙር ተኩል በላይ ይጠመጠማል። ከሂስቶኖቹ የሚወጡት ጭራዎች ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ የበለጸጉ ናቸው፤ ላይሲን ፖዘቲቭ፣ ዲ ኤን ኤው ደግሞ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው አንዱ ሌላውን አጥብቆ ይስባል። ላይሲኑ ላይ አሴቲል ሲታከል ፖዘቲቭ ቻርጁ ይጠፋል፤ መሳሳቡም ይላላል። ቪንሰንት ኦልፍሪ እና ባልደረቦቹ ይህ ለውጥ ከአር ኤን ኤ መመረት ጋር እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. በ1964 ሐሳብ ቢያቀርቡም፣ ሥራውን የሚሠራው ኢንዛይም ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ከ30 ዓመታት በላይ አለፉ። በ1996 የዴቪድ አሊስ ቡድን ቴትራሃይሜና ከተባለ ባለ አንድ ህዋስ ፍጡር ያጣራው አሴቲል አካይ ኢንዛይም፣ ጂኖች እንዲነበቡ እንደሚረዳ በእርሾ ላይ አስቀድሞ ከታወቀው ጂ ሲ ኤን 5 ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ፒ300 እና ሲ ቢ ፒም ራሳቸው አሴቲል የሚያክሉ ኢንዛይሞች መሆናቸው ታወቀ። እስከዚያ ድረስ እንደ ማገናኛ ብቻ ይታዩ የነበሩት እነዚህ ትልልቅ ፕሮቲኖች የራሳቸው ሥራ ያላቸው መሆኑ የተረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ኮአክቲቬተር የምንለው፣ የዲ ኤን ኤውን ቅደም ተከተል ራሱ ለይቶ የማይቀመጥ፣ ነገር ግን በተቀመጠው ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ተስቦ መጥቶ ጂኑ የሚነበብበትን ሁኔታ የሚፈጥር ፕሮቲን ወይም የፕሮቲን ስብስብ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። ሲ ቢ ፒ እና ፒ300 አሴቲል ያክላሉ። ኤስ ደብሊው አይ/ኤስ ኤን ኤፍ የተባለው ስብስብ በኤ ቲ ፒ ጉልበት እየተጠቀመ ሂስቶኖቹን ከቦታቸው ይገፋል። ሮጀር ኮርንበርግ በእርሾ ላይ ያገኘው፣ በሰው ህዋስ ውስጥ 30 ያህል ንዑስ ክፍሎች ያሉት ሚዲዬተር ደግሞ በትራንስክሪፕሽን ፋክተሩና አር ኤን ኤ በሚያመርተው ፖሊመሬዝ 2 መካከል ድልድይ ይሆናል። እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት አንድ ነጥብ አለ። አሴቲል ጥቅሉን ያላላል ማለት እውነት ቢሆንም የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። አሴቲል ያለበት ላይሲን ብሮሞዶሜን የተባለ ቅርጽ ላላቸው ሌሎች ፕሮቲኖች መያዣ ይሆናል፤ አንዱ ኮአክቲቬተር በሠራው ምልክት ላይ ሌላው መጥቶ ይቀመጣል። ሂደቱ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ በመሆኑ በማንኛውም ደረጃ ላይ ሊቋረጥ ይችላል።

ይህን በአንድ ማክሮፌጅ ውስጥ ቀረብ ብለን እንመልከተው። ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያ ሲገጥመው የማክሮፌጁ ቲ ኤል አር 4 የተባለው ተቀባይ የባክቴሪያው የውጭ ሽፋን ክፍል የሆነውን ሊፖፖሊሳካራይድ ይለያል። በደቂቃዎች ውስጥ ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የተባለውን ትራንስክሪፕሽን ፋክተር በሳይቶፕላዝም አግዶ የያዘው አይ ካፓ ቢ ይፈርሳል፤ የተለቀቀው ኤን ኤፍ ካፓ ቢም ወደ ኒውክሊየስ ይገባል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ በክፍል ውስጥ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። የሳንካር ጎሽ ቡድን በ1998 እንዳሳየው ግን፣ ፒ65 የተባለው የኤን ኤፍ ካፓ ቢ አካል በ276ኛው ቦታ ላይ ያለው ሴሪን ፎስፌት ካልተቀበለ ከሲ ቢ ፒ ጋር በሚገባ ሊያያዝ አይችልም። የፕሮቲኑ አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ታጥፎ መያያዣውን ገጽ ይሸፍነዋል፤ ፎስፌቱ ሲታከል እጥፋቱ ይፈታና ገጹ ይገለጣል። በሌላ በኩል፣ ምልክት ባልደረሰው ህዋስ ውስጥ ፒ50 የተባለው ሌላው የቤተሰቡ አባል ከመሰሉ ጋር ተጣምሮ በዚያው የዲ ኤን ኤ ቦታ ላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ ስቦ የሚያመጣው ግን ኮአክቲቬተር ሳይሆን አሴቲልን የሚያነሣውን ኤች ዳክ 1ን ነው። ቦታው ያው ነው፤ የተቀመጠው ፕሮቲንም ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ በአንደኛው ሁኔታ ጂኑ ይነበባል፣ በሌላው ይዘጋል። ልዩነቱን የሚፈጥረው አብሮ የመጣው ነው።

ሂደቱ በዚህ አያበቃም። ፒ300 ሂስቶኑን ብቻ ሳይሆን ፒ65ን ራሱንም በ310ኛው ላይሲን ላይ አሴቲል ያክልበታል፤ ይህንንም አሴቲል ቢ አር ዲ 4 የተባለው ባለ ብሮሞዶሜን ፕሮቲን ይይዘዋል። ቢ አር ዲ 4 ደግሞ ፒ ቴፍ ቢ የተባለውን ኢንዛይም ይዞ ይመጣል። በብዙ ጂኖች ላይ ፖሊመሬዝ 2 ከመነሻው ጥቂት አሥር ኑክሊዮታይዶችን ብቻ ተጉዞ ቆሞ ስለሚጠብቅ፣ ጉዞውን እንዲቀጥል የሚለቀው ይህ ፒ ቴፍ ቢ ነው። የጂኖቹም ፍጥነት አንድ ዓይነት አይደለም። በማክሮፌጅ ውስጥ ቲ ኤን ኤፍን የመሰሉ የእብጠት ምልክት ጂኖች ቀድሞውኑ የተከፈተ አካባቢ ስላላቸው ወዲያው ሲነሡ፣ ኢንተርሉኪን 6 እና የኢንተርሉኪን 12 ፒ40 ክፍል ግን ኤስ ደብሊው አይ/ኤስ ኤን ኤፍ ሂስቶኖቹን ገፍቶ ቦታ እስኪያዘጋጅላቸው ይጠብቃሉ። ትራንስክሪፕሽን ፋክተሩ አንድ ሆኖ ሳለ ምላሹ በጊዜ የሚከፋፈለው በዚህ ምክንያት ነው። በፕሮፖዛልዎ ላይ ናሙና የሚወስዱበትን ሰዓት ሲወስኑ ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

አሁን ወደ ራስዎ ርዕስ እንምጣ። ኢንተርፌሮን ጋማ ተቀባዩን ሲይዝ ጃክ 1 እና ጃክ 2 የተባሉት ኢንዛይሞች ስታት1ን በ701ኛው ታይሮሲን ላይ ፎስፌት ያክሉበታል። ስታት1 ይጣመራል፤ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል፤ ጋስ በተባለው የዲ ኤን ኤ ቅደም ተከተል ላይም ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የጆኤል ኧርንስት ቡድን ጥናት በማይኮባክቴሪየም ቲዩበርክሎሲስ የተያዙ የሰው ማክሮፌጆችን መርምሮ ያገኘው ውጤት፣ በእኔ ግምት፣ የኮአክቲቬተርን ትርጉም ለተማሪ ለማስረዳት ከሁሉ የተሻለው ነው። የተያዙት ማክሮፌጆች ኢንተርፌሮን ጋማ እየተሰጣቸውም ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ የመግደል ችሎታቸው ቀንሷል፤ ኤፍ ሲ ጋማ ተቀባይ 1 የተባለውን ጂን ማንበብም ተዳክሞባቸዋል። ተመራማሪዎቹ ጉድለቱን ፍለጋ ደረጃ በደረጃ ሲወርዱ፣ ስታት1 ፎስፌት መቀበሉም፣ መጣመሩም፣ ወደ ኒውክሊየስ መግባቱም፣ ዲ ኤን ኤውን መያዙም እንደ ጤነኛው ሆኖ አገኙት። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ ስታት1 ከሲ ቢ ፒ እና ከፒ300 ጋር የሚፈጥረው ግንኙነት በግልጽ ቀንሶ ተገኘ።

ስለዚህ እርስዎ ባሰቡት መለኪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚያን ማክሮፌጆች «ምላሻቸው ጤነኛ ነው» ብለው ይመዘግቧቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የወጡ፣ በአይጥ ማክሮፌጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም የባክቴሪያው 19 ኪሎ ዳልተን ሊፖፕሮቲን በቲ ኤል አር 2 በኩል ገብቶ፣ ሲቱቲኤ የተባለው ጂን መነሻ አካባቢ እንዳይከፈት እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ሲቱቲኤ ምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። ለጊዜው ግን ማስጠንቀቂያ ላክልበት፤ እነዚህ ሁሉ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የተገኙ ውጤቶች ናቸው፤ በኢንተርፌሮን ጋማ የሚነሡት ጂኖች ሁሉም እኩል አይዳከሙም፤ የሳንባ ቲቢም በዚህ አንድ ዘዴ ብቻ የሚገለጽ በሽታ አይደለም። በመግቢያዎ ላይ «ባክቴሪያው ከመከላከያ የሚያመልጥበት መንገድ ይህ ነው» ሳይሆን «ከመንገዶቹ አንዱ ይህ ሊሆን እንደሚችል» ብለው ቢጽፉ ከማስረጃው ጋር ይስማማል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከመጀመሪያው ይልቅ ሰፊ ነው። ሲ ቢ ፒ እና ፒ300 በየህዋሱ መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በየህዋሱ አንድ ቦታ ላይ አይቀመጡም። ህዋሱ ገና ሲፈጠር ማንነቱን የሚወስኑ ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች የተወሰኑ የዲ ኤን ኤ አካባቢዎችን አስቀድመው ይከፍታሉ። ለምሳሌ ፒ ዩ 1 በማክሮፌጅም በቢ ህዋስም ውስጥ አለ፤ በማክሮፌጅ ግን ከሲ ኢ ቢ ፒ ቤተሰብ ጋር፣ በቢ ህዋስ ደግሞ ኢ2ኤን ከመሳሰሉ አጋሮች ጋር ሆኖ የተለያዩ ኤንሃንሰሮችን (የጂንን መነበብ የሚያጠናክሩ የዲ ኤን ኤ ክፍሎችን) ይከፍታል። በኋላ ምልክት ሲመጣ ኤን ኤፍ ካፓ ቢም ሆነ ስታት1 በአብዛኛው የሚቀመጡት በእነዚህ አስቀድሞ በተዘጋጁ ቦታዎች ላይ ነው፤ ፒ300ንም የሚጠሩት ወደዚያው ነው። ፒ300 እና ሲ ቢ ፒ በሂስቶን 3 በ27ኛው ላይሲን ላይ የሚተዉት አሴቲል የሚሠሩ ኤንሃንሰሮች መለያ ሆኖ በጂኖም ጥናት የሚያገለግለውም ለዚህ ነው። በአጭሩ፣ የህዋሱ ታሪክ ቦታውን፣ ምልክቱ ሰዓቱን ይወስናል፤ ኮአክቲቬተሩም ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ይሠራል።

የመጠን ጉዳይም አለ። የሲ ቢ ፒ እና የፒ300 ብዛት ውሱን በመሆኑ ብዙ ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች በአንድ ጊዜ ሲነሡ ይሻሟቸዋል የሚለው ሐሳብ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይነገራል፤ የሰው ልጅ ከሁለቱ የሲ ቢ ፒ ጂን ቅጂዎች አንዱን ብቻ ሲያጣ ሩቢንስታይን ቴይቢ የተባለው ከተፈጥሮ የሚገኝ ሕመም መከሰቱም መጠኑ በእርግጥ ወሳኝ መሆኑን ያሳያል። ይሁን እንጂ ግሉኮኮርቲኮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን እብጠትን የሚቀንሱት ሲ ቢ ፒን ከኤን ኤፍ ካፓ ቢ ስለሚቀሙ ብቻ ነው የሚለውን ማብራሪያ በቂ ሆኖ አላገኘሁትም። ሽሚያ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሲ ቢ ፒ የሚሠሩ ጂኖች ሁሉ አብረው መዳከም ነበረባቸው፤ መድኃኒቶቹ ግን አንዳንዱን ሲዘጉ ሌላውን፣ ለምሳሌ ጊልዝ የተባለውን ፀረ እብጠት ጂን፣ ያስነሣሉ። የግሉኮኮርቲኮይድ ተቀባዩ በአንዱ ጂን ላይ ኮአክቲቬተርን፣ በሌላው ላይ አሴቲል አንሺዎችን ይዞ እንደሚቀመጥ የሚያሳዩት ጥናቶች የበለጠ ያሳምኑኛል።

ከእነዚህ በየህዋሱ ከሚገኙት በተጨማሪ ለተወሰኑ የበሽታ ተከላካይ ህዋሳት ብቻ የሚሠሩ ኮአክቲቬተሮች አሉ፤ የሁለተኛው ጥያቄዎ ግልጹ መልስም እዚህ ላይ ነው። የፀረ እንግዳ አካል ጂኖች መነሻ ላይ ኤ-ቲ-ጂ-ሲ-ኤ-ኤ-ኤ-ቲ የሚል ባለ ስምንት ቤዝ ቅደም ተከተል አለ። ይህን የሚይዘው ኦክት 1 በሁሉም ህዋስ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ጂኖቹ የሚነበቡት ግን በቢ ህዋስ ውስጥ ብቻ መሆኑ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር። የሮበርት ሮደር ቡድን በ1992 ከቢ ህዋስ ያገኘው ኦካ ቢ የተባለው ኮአክቲቬተር የእንቆቅልሹን አንድ ክፍል ፈታ። ኦካ ቢ ኦክት 1ን ወይም ኦክት 2ን ተደግፎ ይቆማል፤ ከስምንቱ ቤዞች አምስተኛውን፣ ማለትም ኤውን፣ በከፊል ራሱ ይነካል፤ ያ ቤዝ ሲለወጥ አይቀመጥም። ይህ ጂን የጠፋባቸው አይጦች ቢ ህዋስም ኢሚውኖግሎቡሊን ኤም የተባለው ፀረ እንግዳ አካልም አላቸው፤ ነገር ግን በሊምፍ ዕጢዎቻቸው ውስጥ ጀርሚናል ሴንተር (ቢ ህዋሳት የሚበስሉበት ቦታ) አይሠራም፤ ኢሚውኖግሎቡሊን ጂያቸውም በእጅጉ ይቀንሳል። ኦካ ቢ አስቀድሞ እንደታሰበው የፀረ እንግዳ አካል ጂኖችን የሚያስነሣ ዋና ቁልፍ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ቢ ህዋሱ አንቲጂን (ባዕድ ነገር) ከገጠመው በኋላ ለሚያደርገው ብስለት የግድ አስፈላጊ መሆኑን ያሳየው ይህ ሙከራ ነው።

ሲቱቲኤ የተባለው ኮአክቲቬተር ግን ለእርስዎ ጥናት ከሁሉም ይበልጣል። ማክሮፌጅ፣ ዴንድሪቲክ ህዋስና ቢ ህዋስ የመከላከያውን ሥራ ለሚያስተባብረው ሲ ዲ 4 ቲ ህዋስ አንቲጂን የሚያሳዩት በኤም ኤች ሲ ክፍል ሁለት ሞለኪውሎች ላይ ነው። የእነዚህ ጂኖች መነሻ በአር ኤፍ ኤክስ፣ በኤን ኤፍ ዋይና በክሬብ ቤተሰብ ፕሮቲኖች የተያዘ ነው፤ ሲቱቲኤ ዲ ኤን ኤውን ሳይነካ በእነዚህ ስብስብ ላይ ተቀምጦ ሲ ቢ ፒንና ሌሎቹን ይጠራል። ይህን በደንብ ያስተማሩን ቤር ሊምፎሳይት ሲንድሮም የተባለ ከቤተሰብ የሚወረስ ሕመም ያለባቸው ሕፃናት ናቸው። ሕፃናቱ በህዋሶቻቸው ላይ ኤም ኤች ሲ ክፍል ሁለት የላቸውም፤ ሲ ዲ 4 ቲ ህዋሶቻቸው ያነሱ ናቸው፤ ከመጀመሪያው የሕይወት ዓመት ጀምሮ በሳንባ ኢንፌክሽንና በማያቋርጥ ተቅማጥ ይሠቃያሉ፤ የደም ግንድ ህዋስ ንቅለ ተከላ ካላገኙ ዕድሜያቸው አጭር ነው። የሚገርመው የኤም ኤች ሲ ጂኖቻቸው ራሳቸው ምንም ጉድለት የሌላቸው መሆኑ ነው። ጉድለቱ ሲቱቲኤ ላይ ወይም ከሦስቱ የአር ኤፍ ኤክስ ክፍሎች በአንዱ ላይ ነው። በአር ኤፍ ኤክስ ጉድለት በተያዙት ህዋሳት ውስጥ የጂኑ መነሻ ባዶ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም። በሲቱቲኤ ጉድለት በተያዙት ህዋሳት ግን መነሻው እንደ ጤነኛው ሰው ሙሉ በሙሉ ተይዞ ይገኛል፤ ጂኑ ግን አይነበብም። የቤርናር ማክ ቡድን ጄኔቫ ላይ በ1993 ሲቱቲኤን ለይቶ ወደነዚህ ህዋሳት ሲመልሰው ኤም ኤች ሲ ክፍል ሁለት እንደገና ወጣ። «ትራንስክሪፕሽን ፋክተሩ ከተቀመጠ ምን ቀረው?» ለሚለው ጥያቄዎ ከዚህ የተሻለ በሰው ልጅ ላይ የታየ መልስ አላውቅም። ሲቱቲኤ ራሱ ሦስት ዋና መነሻዎች አሉት፤ አንዱ በዴንድሪቲክ ህዋስ፣ አንዱ በቢ ህዋስ፣ አራተኛ ተብሎ የሚጠራው ደግሞ በኢንተርፌሮን ጋማ፣ በስታት1 እና አይ አር ኤፍ 1 በተባለው ሌላ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር አማካይነት የሚነሣ ነው። ከሥራዎ ጋር የሚያያዘው ይህ የመጨረሻው ነው።

ስለ ሌሎች በሽታዎች ብዙ አልሄድም፤ ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። በፎሊኩላር ሊምፎማ የሲ ቢ ፒ ጂን በተደጋጋሚ ተጎድቶ የሚገኝ ሲሆን፣ ከጉዳቱ ውጤቶች አንዱ የኤም ኤች ሲ ክፍል ሁለት መቀነስ ነው፤ ካንሰሩ ከቲ ህዋሳት ዕይታ እንዲሸሸግ ይረዳዋል ተብሎ ይታሰባል። ኤች አይ ቪም ታት በተባለው ፕሮቲኑ ከላይ የጠቀስኩትን ፒ ቴፍ ቢ ነጥቆ የራሱን ጂኖም ያስነብብበታል፤ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ንዑስ ዓይነት ሲ ደግሞ በመነሻው ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት የኤን ኤፍ ካፓ ቢ መቀመጫዎች ሲኖሩት ንዑስ ዓይነት ቢ በአብዛኛው ሁለት ብቻ ነው ያሉት። ታካሚዎችዎ ኤች አይ ቪም ያለባቸው ከሆኑ ለብቻ መተንተን ያለብዎት ለሲ ዲ 4 ቁጥር ብቻ ብለው አይደለም። ቢ አር ዲ 4ን የሚያግዱ መድኃኒቶች እብጠትን እንደሚቀንሱ በአይጥ ላይ ከ2010 ጀምሮ ታይቷል፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ በየህዋሱ የሚሠራ በመሆኑ በሰው ላይ ሲሞከሩ የፕሌትሌት መቀነስን ያስከትላሉ።

አሁን ስለ ፕሮፖዛሉ። በመጀመሪያ ከታካሚ ደም የሚያገኟቸው ሞኖሳይቶች (ወደ ማክሮፌጅ የሚለወጡ የደም ህዋሳት) በአብዛኛው ባክቴሪያው የሌለባቸው መሆናቸውን ያስቡ፤ የሳንባን ማክሮፌጅ ሊወክሉ አይችሉም። ስለዚህ ሞኖሳይቶቹን ለይተው፣ በኤም ሲ ኤስ ኤፍ ለአንድ ሳምንት ያህል አሳድገው ወደ ማክሮፌጅ ከለወጧቸው በኋላ በሳህን ላይ ቢያጋልጧቸው ይሻላል። ሕያው ባክቴሪያ ደረጃ ሦስት የባዮሴፍቲ ላቦራቶሪ ስለሚጠይቅ፣ በጋማ ጨረር የተገደለ ባክቴሪያ ወይም ቲ ኤል አር 2ን የሚያነቃቃ የተጣራ ሊፖፕሮቲን ይጠቀሙ፤ ለአንድ ሌሊት አቆይተው ኢንተርፌሮን ጋማ ይጨምሩ። ያልተነካ፣ ኢንተርፌሮን ብቻ የተሰጠው፣ ባክቴሪያ ብቻ የተሰጠውና ሁለቱም የተሰጡት አራት ጉድጓዶች በእያንዳንዱ ሰው ናሙና ላይ መኖር አለባቸው።

የስታት1ን መለኪያ አይሰርዙት፤ በ30 ደቂቃ አካባቢ ህዋሳትን አንድ በአንድ በሚለካው ፍሎው ሳይቶሜትሪ ይለኩት። ቲ ኤል አር ራሱ ሶክስ የተባሉትን የምልክት ገቺዎች ሊያስነሣ ስለሚችል፣ የስታት1 ፎስፌት ከቀነሰ ችግሩ ከኒውክሊየስ በፊት ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሁለት ሰዓት አካባቢ የአይ አር ኤፍ 1ን፣ በስድስት ሰዓት አካባቢ በአራተኛው መነሻ የሚጀምረውን የሲቱቲኤ መልእክተኛ አር ኤን ኤ፣ በ24 እና በ48 ሰዓት ደግሞ በህዋሱ ገጽ ላይ ያለውን፣ ኤች ኤል ኤ ዲ አር የተባለውን የሰው ኤም ኤች ሲ ክፍል ሁለት ሞለኪውል ይለኩ። ሞኖሳይት ከመጀመሪያውም ኤች ኤል ኤ ዲ አር ስላለው መታየት ያለበት ጭማሪው ነው። የስታት1 ፎስፌት ጤነኛ ሆኖ፣ አይ አር ኤፍ 1ም ተነሥቶ፣ ሲቱቲኤ ብቻ ካልተነሣ፣ ጉድለቱ በዚያ ጂን አካባቢ መከፈት ላይ መሆኑን ይጠቁማል። ስታት1 ጤነኛ ሆኖ ሁለቱም ካልተነሡ ግን ከኮአክቲቬተሮቹ ጋር ያለውን ግንኙነት መጠርጠር ተገቢ ነው።

ግንኙነቱን በቀጥታ የሚያሳየው ስታት1ን በፀረ እንግዳ አካል አጥምዶ ሲ ቢ ፒ አብሮ መምጣቱን ማየት ነው። ይህ ሚሊዮኖች ህዋሳትን ስለሚፈልግ ከአንድ ታካሚ በሚወሰድ ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም አይሠራም፤ ቲ ኤች ፒ 1 በተባለው የሞኖሳይት መስመር ላይ ያድርጉት። ሲ ቢ ፒ ዲ ኤን ኤውን በቀጥታ ስለማይዝ ክሮማቲን ኢሚውኖፕረሲፒቴሽን (ፕሮቲን የተቀመጠበትን ዲ ኤን ኤ የሚለይ ዘዴ) ለማድረግ ካሰቡ ፎርማልዴሃይድ ብቻ ሊያንስ ይችላል፤ ከእሱ በፊት ፕሮቲንን ከፕሮቲን የሚያያይዝ ሌላ ማሰሪያ ማከል ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ አዲስ አበባ የሚገኘውን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ትብብር ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ህዋሳቱን እንዳሉ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ለመላክ አያስቡ፤ መንገድ ላይ የሚያሳልፉት ሰዓት ራሱ ያነሣሣቸዋል። በየሰዓቱ የወሰዱትን ናሙና እዚሁ ሐዋሳ በሊሲስ ቡፈር አፍርሰው፣ አር ኤን ኤውን በማረጋጊያ ውስጥ አስቀምጠው፣ መብራት ቢቋረጥ በሚተካ ጄኔሬተር ላይ ባለ ማቀዝቀዣ ካቆዩ በኋላ በደረቅ በረዶ ይላኩት፤ በፕሮፖዛሉም የበጀት ክፍል ውስጥ ደረቅ በረዶውን ከአሁኑ ያስገቡት።